የእናትሽ ማንቆርቆሪያ ዒላማ መታች

ሚኔሶታ፣ ከቤታችን
ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ለተከበርሽው ባለቤቴ ለአልቪና፣

አሪዞና ውሃ የሚቸግራት በረሃ ናት ሲሉ እሰማለሁ። ታዲያ እኔ በደወልኩ ቁጥር እህትሽ ሎይስ «ገላዋን እየታጠበች ነው» የምትለኝ ውሃውን ከየት አምጥታችሁ ነው? እንዲህ ሲታጠብ የሚውል በእኛ ከተማ ሬሳ ብቻ ነው። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ፤ ወረቀት መታጠቢያ ቤት ድረስ ይገባል።

እኔ ደህና ነኝ። ግራ ከመጋባቴ በቀር የጎደለብኝ የለም። ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ልዘርዝረው፤ ስጽፈው ለእኔም ይገባኝ ይሆናል።

አሮጊቷን ታውቂያታለሽ፤ አባቴ ከጦርነቱ በኋላ የገዛትን፣ ስምንት ጥይት ባንዴ ጎርሳ፣ አንዱን በተፋች ቁጥር ሌላውን ራሷ የምታቀባብለውን ጠብመንጃ። አረሯን ከጋራዡ እርሳስ አቅልጬ የማወጣላት፣ ቀለሁን ባሩድ የምሞላላት እኔ ነኝ። «ለእኔ አንድ ቀን እንቁላል ጠብሰህልኝ አታውቅም» ያልሽኝም በእሷው ምክንያት ነው።

ዘንድሮ እርሳሱ ከዳኝ። ድሮ ጎማ ሠሪዎቹ መንኮራኩር ለማመጣጠን የሚለጥፉት ቁራጭ ሁሉ እርሳስ ነበር፤ በባልዲ ይሰጡኝ ነበር። አሁን ዚንክ ይቀላቅሉበታል። አንዲት የዚንክ ቁራጭ ሳላያት ገብታ ድስቱን ሙሉ አበላሸችብኝ። ደፍቼ በንጹሕ እርሳስ ጀመርኩ፤ ንጹሕ እርሳስ ደግሞ ብቻውን ሲሆን ቅርጽ ማውጫውን አይሞላም፤ አረሩ እንደ ኤልደን ፊት ተጨማዶ ወጣ። የተኩስ ክለባችን ሊቀ መንበር ስለሆነ ፊቱን በአክብሮት ነው የማነሳው። የዚህ መድኃኒቱ ትንሽ ቆርቆሮ ነው፤ የጣሪያውን ሳይሆን ቶሎ የሚቀልጠውን ነጩን ማዕድን ማለቴ ነው። ቆርቆሮ የገባበት እርሳስ እንደ ማር ይፈሳል።

የዓመቱ ውድድር ደርሷል። ቀና ስል የእናትሽ የወተት ማንቆርቆሪያ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ጥሩ የድሮ ቆርቆሮ። ከእናትሽ ቀብር ወዲህ አንድ ጠብታ ወተት ቀድታ አታውቅም። አልቪና፣ ሥራ የፈታች መሰለኝ።

«ማንቆርቆሪያዋስ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ቀልጣ እጅግ ያማረ አረር እንደሆነች ነገርኩሽ። የምሥራች መናገሬ ነበር። አንቺ ሻንጣ አወረድሽ። በር ላይ ቆመሽ ያልሽኝን እስከ ዛሬ እያሰላሰልኩት ነው፦

«ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ እሰጥህ ነበር፣ ሴልመር።»

ልትሰጪኝ ከነበረ ለምን ሄድሽ? ጓንቴን ሳላወልቅ ስለመለስኩልሽ ነው? በሾርባ ጭልፋሽ ስላማሰልኩ ነው? ነገሩን ለኤልደን ባቀርብለት ረጅም ጊዜ አሰበበትና፣ እሱም ሚስቱ የሄደችበትን ምክንያት እስካሁን እንዳልደረሰበት ነገረኝ። ሁለት ሊቃውንት ቁጭ ብለን መፍትሔ አጣን።

አንቺ በሄድሽበት ሳምንት ቅዳሜ ውድድሩ ሆነ። አሮጊቷ አንዴም ሳታስል ስምንቱንም አከታትላ ተኮሰች፤ ስምንቱም መዳፌ የሚሸፍነው ቦታ ላይ አረፉ። በዕድሜዬ እንዲያ ተኩሼ አላውቅም። ኤልደን ዒላማውን በመነጽር አይቶ መጣ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ምን ጨምረህበት ነው?»

«አማቴን።»

የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ስምንት ላጎርሳት ስል እጄ እምቢ አለኝ። ጠብመንጃዋ ተበላሸች አልኳቸው። ኤልደን ተቀብሎኝ ከፈታት፣ ሳባት፣ በአፈሙዟ ወደ ሰማይ አየና «ምንም አልሆነችም» አለኝ። እኔም ምንም አልሆንኩም አልኩት። ስለ እኔ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ዋንጫውን እሱ ወሰደ፤ ያልጠበቀው ነበርና ደንግጦ እስካሁን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያስቀመጠው።

ሰው ሁሉ ሲበተን አረሮቹን ለማውጣት ከዒላማው ጀርባ ያለውን የአሸዋ ክምር ልነፋ አሰብኩ። ቤት መጥቼ የዱቄት ወንፊትሽን አወረድኩ። ትምህርት ያገኘሁ ሰው ነኝና ኩሽናው መካከል ቆሜ «ልውሰደው?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። የመለሰልኝ የለም። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠርኩት፤ በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንደማደርገው። በሩ ጋ ስደርስ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተመልሼ ሰቀልኩት። አሸዋውን በጣቴ ቆፈርኩት።

ያገኘሁት ይኸው ሳህን ላይ ነው፤ እንደ አበባ የተከፈተ እርሳስ። የትኛው የእኔ፣ የትኛው የሌላ ሰው እንደሆነ አይታወቅም። የእኔውንም ቢሆን ከየት እስከ የት እርሳስ፣ ከየት እስከ የት እናትሽ እንደሆነች የሚለይ የለም። ያልተተኮሱትንም ፈትቼ፣ ባሩዳቸውን አራግፌ፣ አረሮቹን አጠገባቸው አኑሬያለሁ። ምን ላድርጋቸው? ይህ ጥያቄ ነው፣ አልቪና። መልስሽ እስኪመጣ አልነካቸውም።

እግዚአብሔር የበረሃውን ፀሐይ ያብርድልሽ። የሎይስን ጉልበት ይማርላት፤ ስልክ የምታነሳበትን እጇን ግን ትንሽ ያሳርፍልኝ።

ከደቡብ የሚመጣው አውቶቡስ አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ መድኃኒት ቤቱ ፊት ይቆማል። ለወሬ ያህል ነው የነገርኩሽ። እኔም በዚያው ሰዓት የጥርስ ሳሙና ልገዛ ብቅ እላለሁ፤ ቁም ሳጥኑ ሞልቷል። ባለፈው ሻጭዋ ልጅ ሒሳቡን ስትቀበለኝ አላስችል አላትና፣ «ሚስተር ሊንዳል፣ የእርስዎ ጥርስ እኮ ሰው ሠራሽ ነው» አለችኝ።

«ለባለቤቴ ነው» አልኳት።

ባልሽ፣
ሴልመር