ኃላፊው የቆለፉበት ሳጥን

ሰኞ፣ የካቲት 5
ቢሮ ያሉትን ኮምፒውተሮቻችንን ሰብስበው ወሰዱ። በምትካቸው የመጽሐፍ ያህል ትንሽ ሳጥን። ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ እሱ ላይ ይሰካል... በቃ። ቴክኒሻኑ ጋሼ አሠራሩን ሲያስረዱ ግማሹ ሰው ስልኩን ይጎረጉራል። እኔም። ከሰዓት የትምህርት ቤት ሕንፃ ልመረምር ወጣሁ። የእህቴ ልጆች የሚማሩበት ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6
አልወደድኩትም። አንዱ ምሰሶ ተሰንጥቋል፣ ጣት ያስገባል። ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ አልቋል። ከሥሩ ደግሞ የትንንሾቹ ክፍል... ለእህቴ ደወልኩ።
"ነገ አትላኪያቸው።"
"አንቺ ደግሞ! ፈተና ላይ ናቸው እኮ!" ዘጋችብኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 7
ሪፖርቱን ስጽፍ የቢሮአችን ኃላፊ ከኋላዬ ቆመው ያነባሉ። "ይዘጋ" የሚለውን "ክትትል ይደረግበት" በይው አሉ። ለምን? "ሰው አታስደንግጪ። ክረምት ሲገባ ይጠገናል።" መጻፌን ቀጠልኩ። ፎቶዎቹ ገብተዋል፣ ልኬቱ ገብቷል። የመጨረሻው ገጽ ቀረኝ። ይዘጋ አይዘጋ የሚወስነው ኮሚቴ አርብ ይቀመጣል።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ጠዋት ስገባ ስክሪኑ አለ፣ ኪቦርዱ አለ... ሳጥኑ የለም። ኃላፊው መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል! "ሪፖርቱን ሌላ ሰው ይጽፈዋል። አንቺ መዝገብ ቤት ተዛውረሻል።" ካሜራውንም ተቀበሉኝ። ደሜ ፈላ። ፎቶውም ልኬቱም በዚያው ቀረ? ልጆቹስ?
ጋሼ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ነገርኳቸው። ሳቁ! ሰውዬው አበዱ እንዴ?
"ሰኞ ስለፈልፍ ስልክሽ ላይ ነበርሽ አይደል? ልጄ፣ ሳጥኑ ውስጥ እኮ ምንም የለም።"
ጥግ ላይ የሚያጓራውን ትልቅ ማሽን አሳዩኝ። ሰርቨሩ። የሁላችንም ሥራ የሚሠራው እሱ ውስጥ ነው። የምንነካውን ፊደል ሳጥኑ ወደ እሱ ይልካል፣ እሱ ደግሞ ምስሉን ብቻ ይመልስልናል።
"ሳጥኑ ቢነቀልም ሥራሽ አልተዘጋም። እንደተከፈተ እየጠበቀሽ ነው። በፈለግሽው ጠረጴዛ፣ በስምሽ ግቢ።"
ልቤ ዘለለ። ግን... "ስሜን እንዲዘጉት አላዘዙዎትም?"
"በስልክ ነግረውኛል። እኔ ደግሞ በቃል ትእዛዝ የማንንም ስም አልዘጋም። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይምጣ አልኳቸው።"
"መቼ ይመጣል?"
"እያስጻፉት ነው መሰለኝ።"
እንግዳ ተቀባይዋ ለምሳ ስትወጣ ወንበሯ ላይ ዘፍ አልኩ። ፓስወርዱን ተሳሳትኩ። እንደገና... ተከፈተ! ትናንት ያቆምኩበት መስመር ላይ፣ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልስማት ምንም አልቀረኝም። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እያየሁ ጨረስኩት። "ይዘጋ።" ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል አንድ አንድ ቅጂ አተምኩ። ልወጣ ስል ስክሪኑ ላይ "በአስተዳዳሪው ተዘግቷል" የሚል ጽሑፍ ድንገት መጣ። ደብዳቤው ደርሶ ኖሯል።

አርብ፣ የካቲት 9
ቅጂዎቹን ራሴ የስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ቆሜ አደልኩ። ሰብሳቢዋ የምሰሶው ፎቶ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች። ኃላፊውን ላብ አጠመቃቸው።
"ይሄ ከየት መጣ? ሳጥኑ እኮ እኔ ጋ ነው!"
"የምን ሳጥን?" አለች ሰብሳቢዋ።
 ሕንፃው ከነገ ጀምሮ እንዲዘጋ ተወሰነ።

ሰኞ፣ መጋቢት 3
እስካሁን መዝገብ ቤት ነኝ። አቧራው ያስነጥሰኛል። ኃላፊውም ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ስንተላለፍ ሰላም አይሉኝም። ያናድደኛል፣ ለምን እዋሻለሁ?
እህቴ እስከዛሬ አኩርፋኝ ነበር። ልጆቹ አሁን ሩቅ ነው የሚማሩት፣ ሁለት አውቶቡስ ይዘው። ዛሬ ደወለች። እንደ ልማዷ ልትወርድብኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ድምጿ ግን ለስላሳ ነበር።
"ምን ሆንሽ?"
"ትምህርት ቤቱን ሲያፈርሱት ቆሜ አየሁ። ያ ምሰሶሽ... ገና መዶሻ ሲያርፍበት ዱቄት ሆነ።"
ትንሿ ልጇ ስልኩን ነጠቀቻት።
"አክስቴ! እኔ እኮ እሱ ሥር ነበር የምቀመጠው!"