ትንሽ የያዘ ይቅደም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለመሸሻ ቂርቆስ፤

ከሲሬ ተነሥቶ፣ አኖን አልፎ፣ ሸዋን አቋርጦ የሚመጣው ሰላምታዬ እዚያ የእሳት አገር አፋር፣ ሎጊያ ሳይደርቅ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ያመመህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ጋራዡ ውስጥ አብረውህ የሚያድሩት ልጆችስ ደኅና ናቸው? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ካንተ ናፍቆትና ከአባባ ሳል በቀር ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በቆሎ ጭኖ ወደ እናንተ ለሚመጣው ሾፌር ለባቻ የሰጠሁት ስልክ አጥቼ አይደለም። ስልኩንማ ነገሩ ሲመርህ «ኔትወርክ የለም» ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም።

አባባ ወፍጮ ቤቱን ለቀቀ። በጥቅምት ሳሉ ሲብስበት ነቀምቴ ወስደን አስመረመርነው፤ ሐኪሙም ሠላሳ አንድ ዓመት የዱቄት ብናኝ ሲስብ የኖረ ሳንባ ከእንግዲህ ማረፍ አለበት አለን። ጆሮውንማ ታውቀዋለህ፣ የሞተሩ ጩኸት ድሮ ወስዶታል። ባለፈው ወር ቁልፉን ለባለወፍጮው ለኦቦ ተረፋ ያስረከበ ዕለት ቤት ገብቶ ፀጉሩን ሦስት ጊዜ ታጠበ። ለካ ነጭ ያደረገው ዱቄት ብቻ አልነበረም፤ ሽበት ኖሯል። እማዬ አይታው ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

የሄድክበትን ቀን አልረሳሁም። ሰው ሳልሆን የዚህን ቤት ደጅ አልረግጥም ብለህ ነበር። ይኸው ስድስት ዓመትህ። አባባን የተቀየምከውም በዚሁ በወፍጮው ነው። ኦቦ ተረፋ የእህል ነጋዴዎቹን አስቀድምልኝና ወፍጮውን የጋራችን እናደርገዋለን ያሉት ጊዜ እንቢ ማለቱ አንጀትህን አሳረረው። እውነቱን ልንገርህ፣ የእኔንም አሳርሮታል። ከስምንት ኩንታል ይልቅ የአንዲት አሮጊት ፌስታል የሚያስቀድም ሰው ጅል ይመስለኝ ነበር። ብዙ የሚያስፈጭ ሰው እቤቱ የከረመ ዱቄት አለው፤ ትንሽ የያዘው ግን ልጆቹ እሳት አንድደው ነው የሚጠብቁት ይል ነበር አባባ። እኔም በልቤ፣ የአንተ ልጆችስ? እለዋለሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ቁልፉን ባስረከበ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ጤፍ ላስፈጭ ሄድኩ። በአባባ ቦታ የተተካው ቀነአ የሚባል ከጉቴ የመጣ ጎበዝ ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ የቤቱን ሥርዓት ግን ማን ነግሮት! አብሮህ የተማረው ጉደታ አሁን ትልቅ የእህል ነጋዴ ሆኗል፤ የእሱን ስምንት ኩንታል በቆሎ ሊጀምር ሲል አዴ በቀለች በር ላይ ደረሱ። ታስታውሳቸዋለህ፣ ጎረቤታችን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉት። በፌስታል ከሁለት ጣሳ የማትበልጥ ማሽላ ይዘዋል። ጉደታ ማንም ሳይናገረው ጆንያውን ከወፍጮው አፍ ላይ ጎትቶ አወረደ። ወረፋ የያዘውም ሁሉ ጎኑን እየሰጠ መንገድ ለቀቀላቸው።

ቀነአ ግራ ገባው። ይሄ ሕግ የት ተጽፏል ብሎ ቢጠይቅ፣ ከወረፋው መካከል አራት አምስት ሰው ባንድ አፍ «ከን ጢቆ ቀቡ ሃ ዱርሱ» አሉት፤ ትንሽ የያዘ ይቅደም እንደ ማለት ነው። ያውም በአባባ የጎጃም ቅላጼ! ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኔ ዱቄት ዓይኔ ገባ ብዬ ወጣሁ። ጉደታ ተከትሎኝ መጥቶ፣ ልጅ ሆኖ እናቱ አንድ ጣሳ በቆሎ ይዛ ስትመጣ አባባ ከነጋዴ ሁሉ ፊት ያስቀድማት እንደነበር ነገረኝ። ያን ጊዜ ቀሚሷን ይዤ እቆም ነበር አለኝ። መሸሻ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን እኮ አባባ እዚያ የለም፤ እቤቱ ተኝቶ ይስላል። ወፍጮው ለአንድ ቀን እንኳ የእሱ ሆኖ አያውቅም፤ ሥርዓቱ ግን የእሱ ነው፣ እሱ በሌለበትም ይሠራል። ሰው መሆን ከዚህ በላይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። በአባታችን እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እቤት ገብቼ በጆሮው እየጮኽኩ ነገርኩት። የአዴ በቀለች ዱቄት ልሞ ወጣላቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሌላ አልጠየቀም። ልቡ ደስ ሲለው አይቼ፣ ባለፈው የላክኸውን መልእክት አነበብኩለት፤ ለገናም አልመጣም፣ እስካሁን ምንም አልያዝኩም፣ ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ ያልከውን። ይቅር በለኝ፣ ስጮኽ ምስጢርህን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶታል።

እማዬ ዓይንህን ትስማለች፤ አልጋህ ላይ አስጥታው የነበረውን ሽንኩርትም አንሥታለች። ባለቤቴ ኦብሳ አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ፣ ይልሃል። በፎቶ ብቻ የምታውቅህ ልጄ ኤልዳና፣ አጎቴ በበራችን ጎንበስ ሳይል ይገባል ወይ ትላለች። አዴ በቀለች ምስጢርህን ከሰሙ ወዲህ ጧት ጧት ስምህን ጠርተው ይመርቁሃል። ጉደታም ናፍቆሃል።

አባባ ደግሞ መልእክትህን ሰምቶ ብዙ ሳለና እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በደጄ ላይ ትንሽ የያዘ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ አያውቅም። ልጄ ምን ሆኖ ነው ከወረፋው መጨረሻ የቆመው? ና በይው።

እህትህ ትዕግሥት ቂርቆስ
ሲሬ፣ ወለጋ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.