ሙሽራዋ የተሻገረችው ዓሣ

ልጄ ረውዳ፣ አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። ይህን በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ በማታ ትምህርት ቤታችን የሚስተካከለኝ የለም።

ወንድምሽ ኑዕማን የሌለ ሰው ድምፅ መስማቱ ቀንሶለታል። ከቱኒስ የመጣችው ሐኪም ሽቦ ያለው ቆብ አጥልቃለት ዓረፍተ ነገር አሰማችው። የማይገጥም ቃል ሲመጣ አንጎሉ ከደነገጠ ለከርሞ ተስፋው ይበልጣል አለችኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው!

"'ወንዝ' በሚባልበት ቦታ 'ሙሽራዋ የተሻገረችው ዓሣ ነው' ሲባል ምንም አልደነገጠም" ብላ አዘነች።

"አንቺ ልጅ! እዚህ ስፋክስ ዓሣ ያልተሻገረች ሙሽራ የት አለች? እኔ ራሴ በሠርጌ ለበረከት ብዬ ዓሣውን ሰባቴ ዘልያለሁ!" አልኳት።

ስቃ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰረዘችው። በሌሎቹ ደንግጧል፤ የቀረውን አላህ ያውቃል።

እስቲ ደውዪና ያላሰበውን ቃል ንገሪው። "እየመጣሁ ነው" በይው።

መንገድሽን ያቅናልሽ።
እናትሽ ዘኪያ