ቁልፉን የማይለቅ ሰው

ቅዳሜ፣ ሜይ 14 ቀን 2005

ያ ጉረኛ የእህቴ ባል ግርማ «እንዳንተ የጭነት ትራክ ለጂፔም ሾፌሮች የሚነጋገሩበትን ሲቢ ሬዲዮ ግጠምልኝ» ብሎ ሮቢንስዴል ቤቱ ድረስ አስመጣኝ። ጂፑ ጭቃ አይቶ አያውቅም፤ ከቤት ኤደን ፕሬሪ ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ነው። እሱ ግን በረሃ የሚያቋርጥ ይመስል ከራሱ ቁመት የሚበልጥ አንቴና አስተከለኝ።

ለሙከራ እሱን ጂፑ ውስጥ ትቼ ትራኬ ውስጥ ገብቼ ጠበቅኩ። «ስትናገር የማይኩን ቁልፍ ተጫነው፣ ስትጨርስ ልቀቀው» ብዬዋለሁ። ተጫነና «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሥራ እንዴት ነው? ሃሎ!» እያለ ይለፈልፋል። ካልለቀቀው የእኔ መልስ በየት በኩል ይግባለት? ጭራሽ ወርዶ መጣና «የገጠምከው ሬዲዮ አይሰራም» አለኝ።

እህቴ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር።

«እኔም እኮ እስኪለቀው ስጠብቅ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» አለች።

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።