ተጋዳሚዋ ልብስ ሰፊ

ውድ እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ ስልኬ ጠፍቶብኝ አይደለም። ካንቺ ጋር ስልክ ማውራት ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ፤ እኔ «ሃሎ» እላለሁ፣ የቀረውን አንቺ ትጨርሽዋለሽ። ትናንትም ያው ነው የሆነው። ሱቁን ዝጊ፣ ዕቃሽን ሸክፊ፣ እሁድ የጭነት መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ ነው የምትኖሪው፣ ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼዋለሁ፣ ቻው። እኔ እኮ ገና «እንዴት ዋልሽ» ላይ ነበርኩ። ደብዳቤ ላይ ግን መሃል ገብቶ የሚያቋርጠኝ የለም። ነገ ጠዋት ለአውቶቡሱ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ ከእሁድ በፊት ይደርስሻል። እስክጨርስ ድረስ ብቻ አደራሽን፣ አፍሽን ያዢልኝ።

ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ። ከሱቄ አጠገብ ያለው ጫማ ሰፊ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የራሴን ሞት ከሁሉም ሰው መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። መውደቄ እውነት ነው። ሞቼ መነሳቴን ግን እሱ ከራሱ ነው የጨመረበት። ሰውየው ጫማ ሲሰፋ ክር ይቆጥባል፣ ወሬ ላይ ግን እጁ አያጥርም። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ደንግጦ ነው።

ስለዚህ ከኔው አፍ ስሚው። የጆሮ ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ጆሮ መስሚያ ብቻ አይደለም። ከታምቡሩ ወዲያ፣ በውስጠኛው ክፍል፣ ቀጥ ብለን እንድንቆም የሚረዳን ፈሳሽ አለ። የኔ ግራ ጆሮ ይህን ፈሳሽ ያለ ልክ ያጠራቅማል። ሲበዛበት ጆሮዬ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ድፍን ይላል፣ ከዚያ ይጮሃል፣ ከዚያ ቤቱ መዞር ይጀምራል። ሲለቀኝ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ እነሳለሁ፤ ትንሽ ድካም ብቻ ነው የሚተርፈኝ። አይገድልም። ጨርሶ ይለቀኛል ማለትም አይደለም። እየሄደ ይመለሳል፤ መልኩን ስለለመድኩት ግን እንደ መጀመሪያው ጊዜ አያስበረግገኝም።

መድኃኒት ሰጠችኝና ጨው ከለከለችኝ። በልጅነቴ መርፌ ጥዬ በተቀመጥኩ ቁጥር «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ስትዪኝ አልነበር? አሁን በዶክተር ትእዛዝ አልጣፈጥኩም፤ ምን ታደርጊኛለሽ? ምሳዬን በየቀኑ ይጋራኝ የነበረው ጫማ ሰፊ አንድ ቀን ጎርሶ ማኘኩን አቆመና፣ «እህቴ፣ ይሄ ምግብ ነው ወይስ ቅጣት?» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳዬን ብቻዬን በሰላም እበላለሁ።

መጀመሪያ አካባቢ ግን እንዲህ አልሳቅኩም። አንድ ጠዋት ክር ልገዛ ስወጣ መንገድ ላይ ያዘኝና የመብራት ምሰሶ አቅፌ ቀረሁ። አቅፌ ስልሽ፣ ባል ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አላቅፈውም ነበር። ሁለት ሴቶች በአጠገቤ ሲያልፉ አንደኛዋ፣ «ውይ! በዚህ በጠዋቱ!» አለች። እኔ፣ ለስላሳ እንኳን ከፍቼ የማልጨርሰው! ልመልስላት ፈልጌ ነበር፤ አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ ስላላወቅኩ ተውኩት።

አሁን ሥርዓት አበጅቼለታለሁ። ጆሮዬ ድፍን ሲል መጀመሪያ ካውያውን ከሶኬት እነቅላለሁ፣ ቀጥሎ መቀሱን አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ እጋደማለሁ። ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ አንገቴን ብቻ አላዞርም፤ ከነሙሉ አካሌ ቀስ ብዬ ነው የምዞረው። ሹመት ያገኘሁ የመሰላቸው አሉ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ «ኮራሽብን» ብላ ተቀይማኛለች፤ ባስረዳትም አልገባትም፣ እኔም ትንሽ ልኩራ ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ጫማ ሰፊው ከስንት ሳምንት በኋላ ደውሎ ወደ ነገረሽ ቀን። አንዲት ሙሽራ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፣ ቬሎዋን ልትለካ መጣች። ጨርቁ ሳቲን ነው፤ ስፒሉ በማይሆን ቦታ ከሳበው ቀዳዳውን ይዞ የሚቀር ክፉ ጨርቅ። ከወገቧ እስከ እግሯ በስፒል ከያዝኩላት በኋላ ያንቺን ሕግ ነገርኳት፤ «ስፒል የተሰካበት ሰው አይቀመጥም፣ አይጎነበስም፣ አያስነጥስም።» ከራሴም ጨመርኩበት፤ «ጣሪያው ቢወድቅ እንኳን ንቅንቅ እንዳትይ» አልኳት። ከዚያ አንቺ እንዳስተማርሽኝ ተንበርክኬ፣ በዙሪያዋ እየዞርኩ የጠርዙን ከፍታ መለካት ጀመርኩ። ግማሹን ሳልዞር ግራ ጆሮዬ ድፍን አለ።

ካውያውን ነቀልኩ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ከዚያ እኔው ራሴ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ።

ልጅቷ ሕጉን ጠበቀች! እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ ቆማ፣ በዓይኗ ብቻ ቁልቁል እያየችኝ፣ «እትዬ፣ ምን ሆኑ? ልርዳዎት?» አለች።

«እንዳትንቀሳቀሺ!» አልኳት።

ለሳቲኑ ብዬ ብቻ አይደለም፣ እታለም። ቤቱ ሲዞር አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ዓይንሽን ትከዪ ብላኛለች ሐኪሟ። ያን ሰዓት ግድግዳው ይሄዳል፣ ጠረጴዛው ይሄዳል፤ ዓይኔን የምጥልበት ያገኘሁት የልጅቷን ቀሚስ ጠርዝ ብቻ ነበር። እሷም መንቀሳቀስ ባትችልም መናገር አላቃታትም። ሕፃናቱን በምታናግርበት ድምፅ፣ «በአፍንጫ እናስገባ… በአፍ እናስወጣ… ጎበዝ! አሁንም ደግመን!» ትለኛለች። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ጎበዝ ተባልኩ። ያኔውኑ ምሳዬን ቁርጥራጭ ጨርቅ የምጥልበት ቅርጫት ውስጥ መለስኩት። ጨው ስላልነበረው ብዙም አላሳዘነኝም።

በዚህ መሃል የሙሽራዋ እናት በሩን ከፍታ ገባች። ልጇ ቆማለች፣ እኔ ተዘርግቻለሁ።

«አንቺ ልጅ! ቆመሽ ታያታለሽ እንዴ? አንሻት እንጂ!»

«አልችልም እማዬ፣ ስፒል አለብኝ!»

«ሰው እየሞተ ስለ ስፒል ታወሪያለሽ?»

«ራሳቸው ናቸው አትንቀሳቀሺ ያሉኝ!»

እናትየው ኡኡታዋን ለቀቀችው። ጫማ ሰፊው የሰው ጫማ በእጁ እንዳንጠለጠለ ዘሎ ገባና፣ «ውሃ! ውሃ አምጡ!» እያለ መጮህ ጀመረ። ውሃው እኮ ከጎኑ፣ ማሰሮው ውስጥ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ፤ በወደቀ ሰው ላይ ደግሞ የሚበዛው ምክር ነው። ጩኸት ሰምቶ ከገባው ሰው አንዱ አስቀምጧት ይላል፣ አንዷ በጎኗ አስተኟት ትላለች። እኔ ዓይኔን ከጠርዙ ላይ አልነቀልኩም። ቀስ በቀስ ግድግዳው ረጋ፣ ጠረጴዛውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን ጊዜ ጉንጬ ወለሉ ላይ እንዳለ አንድ ነገር አየሁ።

«በግራ በኩል፣ ከኋላ ወርዷል» አልኩ።

«ምን አለች?» አለች እናትየው።

«ጠርዙ። ከኋላ ወርዷል። ጠመኔውን አቀብሉኝ።»

«ነፍሷ ልትወጣ ነው ስል ስለ ጠርዝ ታወራለች እኮ!» አለች፤ ጠመኔውን ግን አቀበለችኝ።

ይህን አንቺ ትረጂኛለሽ፤ ከአንቺ ሌላ ማን ይረዳኛል? ተንበርክከን ስንለካ ዓይናችን ከጠርዙ በላይ ነው፤ ቁልቁል ነው የምናየው። ሜትራችን ልክ ቢሆንም ሰው በቆመ ቁጥር ክብደቱን ወዳንዱ እግሩ ይጥላል፣ ጨርቁም አብሮት ጋደል ይላል። ከወለሉ ላይ ሲታይ ግን በጠርዙና በወለሉ መሃል ያለው ብርሃን ሁሉንም ይናገራል። የት ሰፋ፣ የት ጠበበ፣ ወለል ብሎ ይታያል። ስንት ዓመት ስንንበረከክ ጉልበታችንን ጨርሰን፣ ትክክለኛው ቦታ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ነበር! እንደተጋደምኩ በጠመኔ አስተካክዬ ምልክት አደረግኩላት። ልጅቷ ስፒሉ ሲነቀልላት እንደ ልቧ አስነጠሰች፤ ለካ ይዛው ነበር።

ቬሎው በሰርጓ ቀን ምን ይመስል እንደነበር ፎቶውን እልክልሻለሁ። ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው፤ መሬት አይጠርግ፣ አያጥር። ልጅቷ ወሬውን ለማን እንዳወራች ባላውቅም ከዚያ ወዲህ ሥራ በዝቶብኛል። «ተጋዳሚዋ ጋ ውሰጂው» ይባባላሉ አሉ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ምንጣፍ አለኝ። ጤነኛም ሆኜ ጠርዝ የምለካው እዚያው ተጋድሜ ነው። በሰው ዙሪያ መዞር ትቻለሁ፤ ደንበኞቼ ናቸው ትንሽ ትንሽ የሚዞሩልኝ። እነሱ ሲዞሩ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ሲቆሙ እገልጣለሁ። ባለፈው ቸኩዬ አንዷን ጠበቃ ተንበርክኬ ብለካት፣ «ምነው፣ እኔ ምን በደልኩ? የኔን ሳትጋደሚ?» ብላ ኩርፍ አለች። እንደገና ተጋደምኩላት።

ሁሉም ሳቅ ነው ብልሽ ግን መዋሸት ይሆንብኛል። እፈራለሁ፣ እታለም። ግራ ጆሮዬ እየደከመ ነው። ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲመታ የሰማሁት በቀኝ በኩል ብቻ ነው፤ በግራዬ በኩል ያለው ሰፈር ያልዘነበበት ይመስል። ተቀምጬ አለቀስኩ። ሐኪሟም ይመለሳል ብላ አልዋሸችኝም። ያም ሆኖ ከማዞሩም ከጆሮዬም በላይ የሚያስፈራኝ፣ የሚወደኝ ሰው አዝኖልኝ መቀሱን ከእጄ እንዳይወስድብኝ ነው። እሁድ በጭነት መኪና ልትወስጂ የምትመጪው እሱን ነው። ዕቃዬ ምን አለው፣ ዕቃ ነው። መቀሴን ከወሰድሽብኝ ግን ያን ጊዜ በእውነት እወድቃለሁ።

አሁን የምለውን ደግሞ አትቆጪኝ። ከትናንት ጀምሮ ነገርሽን ሳሰላስለው ነበር። «ሰው አጠገብሽ ሊኖር ይገባል» አልሽኝ። «ምሽት ላይ ዝም ያለ ቤት ለሰው ጥሩ አይደለም» አልሽ። እታለም፣ የኔ ቤት መቼ ዝም ብሎ ያውቃል? በዚህ በኩል መዶሻ ነው፣ በዚያ በኩል የደንበኛ ጫጫታ፣ በዚህ ላይ ጆሮዬ ራሱ ሲዘፍን ነው የሚያመሸው። ዝም ያለው ቤት ያንቺ ነው። ጋሼ ካረፈና ብቻሽን ከቀረሽ ወዲህ መርፌ አልነካሽም። በቀደም ስትደውዪ «ለሁለት ሰው ሠርቼ ተረፈኝ» ብለሽ ሳቅሽ። ያ ሳቅ ከአንገት በላይ ነበር። ቀኝ ጆሮዬ ገና ደህና ነው፤ በደንብ ሰምቶታል። ክፍሉን ቀለም ያስቀባሽው ለኔ ብለሽ ቢሆንም፣ ባዶነቱን ማየት ሰልችቶሽም ጭምር ይመስለኛል።

እኔ እዚያ ብመጣ ሁለት የተቀመጡ እህቶች እንሆናለን። አንቺ እኔን ስታዪ፣ እኔ አንቺን ሳይ፣ አንዳችን ለአንዳችን ስናዝን እናረጃለን። አንቺ እዚህ ብትመጪ ግን ሥራ አለን፤ አንዷ ቆማ ትቆርጣለች፣ ሌላዋ ተጋድማ ትለካለች። ይህን ሱቅ የከፈትሽው አንቺ ነሽ፤ ጋሼን አግብተሽ ስትሄጂ ለኔ ተውሽልኝ እንጂ አልሸጥሽልኝም። የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ በእጁ እንዳንቺ አሳምሮ የሚሠራ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እኔም እንደማልችልበት ደንበኞቼ ያውቃሉ፣ ከጨዋነታቸው አይናገሩም። ከኋላ ያለው ክፍል የሁለት ሰው ነው። ቀለም አልተቀባም፤ እሱን መጥተሽ ራስሽ ትቆጪበታለሽ።

ስለዚህ የእሁዱን ሾፌር እንዳትሰርዢው። መንገዱን ብቻ ገልብጪለት፤ ካንቺ ቤት ይጫን፣ እኔ ጋ ያራግፍ። መጀመሪያ የስፌት መኪናሽን አስጭኚ፣ የቀረው ከተረፈው ቦታ ይግባ።

በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ቆሜ ካላገኘሽኝ ተጋድሜ ነው። አትጩሂ፣ ማንንም አትጥሪ። ወንበር ስበሽ ከፊቴ ቁጭ በይ፣ እንዳትንቀሳቀሺ ብቻ፤ ዓይኔን አንቺ ላይ እተክላለሁ። ስነሳ እንሳሳማለን።

አርጅታም ላንቺ ያላደገችው፣
ታናሽሽ ሚጣ