ሐሙስ የሚወሰደው መጋረጃ

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከረምክ? ያ ደረቅ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ይነዘንዝሃል? አዲስ የተከራየኸው ክፍል ግድግዳው እርጥበት አለው ብለኸኛልና አልጋህን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ዓይኔም ክር ለማስገባት እስካሁን አላሳፈረኝም። ደህና ነኝ ስልህ ግን ይህን በምጽፍበት ሰዓት ማለቴ ነው።

እናቴ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ደብዳቤ የምትጽፈው ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስታነሳው አጠገብህ ማን እንደሚቀመጥ ስለማላውቅ ነው። ወረቀቱን የምታደርስልህ ባልደረባዬ ናት፤ ያቺ አንተ ራዲዮ የምትላት። ወሬ አይቀመጥላትም ብለህ አትስጋ፤ የዛሬውን አፏን ይዛ ነው የምትመጣው። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

አስቀድሜ ስለተጣላንበት ነገር ልናገር። ስልክህን ከእጅህ መንጭቄ መሬት ላይ መጣሌ ትክክል አልነበረም። መስታወቱ ሲሰነጠቅ ፊትህ እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ፤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አንተ ግን ቪዲዮውን አጥፋልኝ ብዬ ስለምንህ ሳቅህ። እማዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ወዶሽ አንቺ ብቻ ራስሽን ጠላሽ አልከኝ። ከዚያ ሻንጣህን አንስተህ፣ የት እንደምትሄድ እንኳ ሳትነግረኝ ወጣህ። አልፈርድብህም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲያ እንድታስብ ያደረግሁህ እኔው ነኝ።

ስትመረቅ ትዝ ይልሃል? ጓደኞችህ ከነወላጆቻቸው ተደርድረው ሲነሱ እኔ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። ነይ እንጂ ብትለኝ ጥርሴ ያስጠላል አልኩህ። ጥርሴ ምን ሆነ? የእኔ ጥርስ እንኳን ለእኔ ለሰውም ይተርፋል። በቤታችን ውስጥ አንድም የእኔ ፎቶ የለም፤ ለመታወቂያ የተነሳሁትን እንኳ አንተ እንዳታየው በመሀረብ ጠቅልዬ ነው የምይዘው። ሰው ሁሉ ምሳውን ሳይበላ ፎቶ በሚያነሳበት ዘመን እናትህ እንዲህ ሆና ስታይ ሌላ ምን ልታስብ ኖሯል?

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። ያን ቀን ስፌት ቤት ኮቴህን አጥፍተህ ገባህ። ስልኩን ሳይ የምቆርጠውን ጨርቅ ጎትቼ ራሴ ላይ ጣልኩት፤ ከሥሩ ሆኜ መቁረጤን ቀጠልኩ። ራዲዮ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። ካሜራ የምትፈራው እናቴ ብለህ ለቀቅኸው። ፊቴ እንዳልታየ ደጋግሜ አየሁና ልቤ መለስ አለ።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ራዲዮ ሰዎች ከሥሩ የጻፉትን ታነብልኝ ነበር። አንዷ እናቴን አስታወሱኝ ትላለች። አንዱ የእኔዋ ደግሞ ካሜራ ሳታይ አትስቅም ይላል። እየተሳሳቅን ነበር። ከዚያ አንዱን ቶሎ አንብባ ወደ ሌላው ስታልፍ መቀሱን አስቀመጥኩ። መልሰሽ አንብቢልኝ አልኳት። ዛሬም በግራዋ ነው የምትቆርጠው ይላል። ስም የለውም። ፎቶም የለውም።

ለካ ፊቴን ስሸፍን እጄን ረስቼው ኖሯል። አጥፋልኝ ብዬ የለመንኩህ በዚያው ሳምንት ነው።

አሁን ከአንተ ደብቄ የኖርኩትን ልንገርህ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ባል አግብቼ ነበር። ፎቶ ቤት ነበረው፤ ፎቶ ቤቱ ከፊት፣ መኖሪያችን ከኋላ። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው ሁሉ ታድለሽ የሚለኝ ዓይነት ሰው ነበር። ፎቶዬን አሳድጎ ከመስታወቱ በስተጀርባ ሰቀለው፤ አላፊ አግዳሚው ያየኛል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ከዚያ በየቀኑ ማንሳት ጀመረ። አገጭሽን ቀና፣ ትከሻሽን ለቀቅ፣ አሁን ፈገግ። ዓይኔን ከጨፈንኩ እንደገና። በኋላ ዱላው መጣ። ይመታኝና ፊቴን ታጥቤ እንድመጣ አድርጎ እዚያው ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል፤ መብራቱን ያበራና ፈገግ በይ ይላል። እስክስቅ ድረስ ይጠብቃል። አይቸኩልም፣ አይቆጣም፤ ያ ትዕግሥቱ ከዱላው ይብስብኝ ነበር። ፎቶዎቹን ጀርባቸው ላይ ቀን እየጻፈ በታችኛው መሳቢያ ይደረድራቸዋል። ብታያቸው ደስተኛ ሴት ናት ነው የምትለው።

አንድ ቀን ጠዋት ለደንበኛ ፎቶ ሊያደርስ ሲወጣ፣ በለበስኳት ቀሚስ ብቻ ከቤት ወጣሁ። ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስልህ። በዚያ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ከእንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ብቻ እንደማልሆን ገባኝ። አውቶቡሱ እስከሚያበቃበት ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቀዋለህ፤ አብረን ነው የኖርነው።

አሥር ዓመት ሲሞላህ ከጎረቤት ካሜራ ተውሰህ መጣህ። ስታነጣጥርብኝ፣ ልክ እንደ እሱ፣ የታችኛውን ከንፈርህን በአንድ በኩል ነክሰህ ነበር። ለምን ታለቅሻለሽ ስትለኝ ሽንኩርቱ ነው አልኩህ። ሽንኩርት አልከተፍኩም ነበር፣ ልጄ።

አንተ በሄድክ በሁለተኛው ሳምንት ስፌት ቤት ስልክ ተደወለ። ራዲዮ አነሳችና አንድ አነጋገሩ ማር የሆነ ሽማግሌ መጋረጃ አዘዘን ብላ ልኩን የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠችኝ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሰማንያ፤ መስኮቱ ዘንበል ያለ ስለሆነ በግራ በኩል አራት ጣት ይጠር። በጣት የሚለካ ደንበኛ ዛሬ አየሁ ብላ ሳቀች። ያን መስኮት አውቀዋለሁ። የመጀመሪያውን መጋረጃ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ አራት ጣቱንም የለካሁት በራሴ ጣት ነው። ስሙን ማን ልበል ብትለው፣ ሰፊዋ ልኩን ታውቀዋለች አላት። በሦስተኛው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በአምስት ሰዓት ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎ ዘጋው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ጎረምሳ ሁሉንም ሰማኝና እናቴ፣ መጋረጃ ማዘዝ እኮ ወንጀል አይደለም አለኝ። ደግሞ ትኩር ብሎ አየኝ። እርስዎ ያቺ ካሜራ የሚፈሩት እናት አይደሉም እንዴ ብሎ ብድግ አለ፤ ጓደኞቹን ጠራ፤ አንድ ፎቶ አብረን ካልተነሳን ብሎ ስልኩን አወጣ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ ሳደርግ ይኸው፣ ይኸው እያሉ ሳቁ። ክፋት የላቸውም። የመጣሁበትን ጉዳይ ግን ሳይጽፉት ወጣሁ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እንኳ እስከ ትናንት እሁድ ድረስ የፈራሁት ለራሴ ነበር።

እሁድ ስትደውል ድምፅህን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቂምህን ትተሃል፣ ሥራ አግኝተሃል። የጠራህልኝ ከተማ ግን ያኔ በቀሚሴ ብቻ የሸሸሁት ነበር። አንድ ባለ ፎቶ ቤት ቪዲዮህን አይቶ ራሱ እንደፈለገህ፣ የመብራት አጠቃቀም እንደሚያስተምርህ፣ ቁልፉን ሳይቀር እንደሰጠህ ነገርከኝ። ልጅ የለኝም፣ ይሄ ሁሉ ለአንተ ነው ይለኛል አልክ። ምሳ ሳልበላ አያስነሳኝም አልክ። ስለ አንቺም ይጠይቀኛል፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው ይላል አልክ። እኔ ጎሽ፣ ጎሽ አልኩህ።

አብራችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ወዲያው ላክህ። ስልኩን የያዘችው ራዲዮ ነበረች። አይ ሰው ሲመሳሰል፣ አጎቱ ነው እንዴ አለች። ቀና ብላ ስታየኝ የቀረውን ዋጠችው፤ ስልኩንም አጠፋችው። እኔ ግን አይቼዋለሁ። አርጅቷል። ሸሚዙ ዛሬም የተተኮሰ ነው። እጁ ትከሻህ ላይ ነው፤ አገጭህንም ቀና አስደርጎሃል።

መሸሽ አያቅተኝም፣ ልምዱ አለኝ። ብሸሽ ግን አንተ እዚያ ነህ። ስለዚህ መጋረጃውን ሰፍቼ ጨርሼዋለሁ፤ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ መደርደሪያው ላይ ነው። የፊታችን ሐሙስ እዚሁ እጠብቀዋለሁ። በአምስት ሰዓት እዚህ ለመድረስ ጎህ ሲቀድ መነሳት አለበት፤ ከመምሸቱ በፊትም አይመለስልህም። ያን ቀን ቁልፉ በአንተ እጅ ነው ማለት ነው። የምልህን ካላመንክ ሜትር ይዘህ የኋላውን ክፍል መስኮት ለካው። ከዚያ ዕቃህን ጠቅልል። የታችኛውን መሳቢያ ከተቆለፈ ስበረው፤ ያለውን እንዳለ ቦርሳ ውስጥ ክተትና ለራዲዮ ስጣት። መጋረጃ የምታሰፋን ጠበቃ አለች፤ ለእሷ ታደርስልኛለች። አንተ አትያቸው። እባክህ፣ አንዱንም አትይ። ከራዲዮ ጋር እህቷ ዘንድ ሂድ። እንዳትደውልለት፣ እንዳትሰናበተው። ወደዚህም እንዳትመጣ። እናትህ ነኝና ስላዘዝኩህ ብቻ እሺ በለኝ፤ ስለ አባትህ ከዚህ በፊት የነገርኩህ ነገር ሁሉ ሌላ ቀን ይታያል።

ዛሬ ጠዋት ጥግ ላይ ያለው ፎቶ ቤት ገባሁ። አንሺዋ ልጅ ያንተ እኩያ ናት። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፣ አንዴ ጉልበቴ ላይ፣ አንዴ ብብቴ ሥር። ልጅቷ አይፍሩ እናቴ፣ የሚወዱትን ሰው ያስቡ አለችኝ። አንተን አሰብኩ። አንስታ ስታየው ትንሽ ኮስተር ብለዋል፣ እንድገመው አለች። አይ፣ ይኼው ነው ፊቴ አልኳት።

ፎቶው ከደብዳቤው ጋር አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንተ ብዬ የተነሳሁት ነው፤ ግድግዳህ ላይ ልትሰቅለው ትችላለህ። ከሐሙስ በኋላ ያ ሰው የእኔን ሌላ ፎቶ ቢያሳይህ፣ ታርቀናል፣ እናትህ እኔ ዘንድ ናት ቢልህ፣ ከዚህኛው ጋር ጎን ለጎን አድርገህ እየው። ሌላኛው ላይ እየሳቅኩ ከሆነ አትመነው።

ልጄ፣ የወጣህበት መንገድ ይቅናህ። ክፉ ዓይን አይይህ፤ የሚያይህም ቢኖር አንተ ቀድመህ እየው። እጅህ የያዘው ይባረክልህ፤ በካሜራህ የምታነሳው ሰው ሁሉ ወድዶ የሚስቅልህ ይሁን። ፈጣሪ እኔን ከለላ ያደረገልህን ያህል ሌላ ከለላ ይስጥህ። ሳልህን አትናቀው፣ ለብሰህ ውጣ።

የምትወድህ፣
እናትህ