«የወር» የተሰረዘበት የአበባ ክበብ

ለተከበሩ የልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወንበርዎና በተለይም ያ ስስ ጨዋነትዎ ምንም ሳይነካቸው መሰንበታቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ጸጉር አስተካካይ ነኝ፤ ምላሴ ከመቀሴ ይስላል ይሉኛልና ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ልጄና የክፍል ጓደኞቿ ታናናሾቻቸውን ስለ ወር አበባ ለማስተማርና ታጥቦ የሚደገም የንጽህና መጠበቂያ አብረው ለመስፋት አንድ ክበብ አቋቁመው ነበር። አንዲት ልጅ መምህሯን አፍራ የማትጠይቀውን ጓደኛዋን ትጠይቃለችና ነገሩ መልክ ይዞ ነበር። ታዲያ እርስዎ ደረሱልን። ስለ ውለታዎ ተራ በተራ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የወር አበባ ክበብ» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ፣ ይህ የጨዋ ልጆች ትምህርት ቤት ነው ብለው «የወር» የምትለዋን ቃል በገዛ እስክርቢቶዎ ስለሰረዙልን። ነውሩ ያለው ወሩ ላይ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እርግጥ ከእንግዲህ የእርስዎን የወር ደመወዝ ምን ብለን እንደምንጠራው ግራ ገብቶኛል።

ሁለተኛ፣ ንብረት ክፍሉ የቀረውን «አበባ ክበብ» አንብቦ፣ ልጆቹ በጠየቁት የጥጥ ጨርቅ፣ መርፌና ክር ፈንታ ዶማ፣ ውሃ ማጠጫና የጽጌረዳ ችግኝ ስለላከላቸው። ልጄ ችግኙን ታቅፋ ቤት ስትገባ እናቷ በሳቅ ፈረሰች። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ «አባዬ፣ ይሄ እኮ እሾህ አለው» ብላ ጥግ አስቀመጠችው።

ሦስተኛ፣ አበባ የሚተከለው ደጅ ነው ብለው የክበቡን ክፍል ስለቆለፉና ቁልፉን ኪስዎ ስለከተቱ። ልጆቹ ደጅ ወጥተው ሊሰፉ ሞከሩ፤ ወንዶቹ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲያፏጩባቸው አንድ በአንድ ተበተኑ። ከታናናሾቹ አንዷ፣ ገና መርፌ መያዝ የጀመረች ልጅ፣ ትምህርት ላይ ሳለች የወር አበባዋ መጣባትና ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። እንደወጣች ቀረች። ልጄ ከትምህርት መልስ ወደ ልጅቱ ቤት ትሄዳለች፤ ልጅቱ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ክፍሉ ሲከፈት እመጣለሁ ትላታለች። ፈተና ደርሷል፣ ክበቡ ያለው ደጅ ነው፣ ልጅቱ ያለችው ከበር ጀርባ ነው።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ። እባክዎ ቁልፉን ይስጧቸው።

ጨዋነትዎ ከቁልፉ ጋር ኪስዎ ውስጥ ተደባልቆ እንዳይጠፋብዎ ከልብ የምመኝልዎ፣ ለጸጉርዎም ለክብርዎም ሁልጊዜ የምጠነቀቅ፣

አክባሪዎ፣
የአበባ ክበብ አባል አባት

ማስታወሻ፦ እንዲህ ያለው ጨርቅ ከታጠበ በኋላ ጥላ ውስጥ ተደብቆ ሳይሆን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ መድረቅ እንዳለበት ልጄ አስተምራኛለች። ግቢውን ዞሬ እንዳየሁት፣ ፀሐይ እንደ ልብ የሚገኘው ከቢሮዎ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ክፍሉ እስከ ሰኞ ካልተከፈተ ገመዱን እዚያው እዘረጋለሁ፤ ልጆቹ እንዳያፍሩ እኔና እናቷ የሰፋነውን የማሰጣው ራሴ ነኝ። ለማለቅለቂያ የላኩልን ውሃ ማጠጫ በቂ ነው። እንግዳ መጥቶ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅዎ አይጨነቁ፤ አበባ ነው ይበሉት።